እማዬን ባሕር እንዴት ልውሰዳት?

ለእትዬ፣ ጤና ይስጥልኝ።

የምኖረው እስራኤል፣ ቅርያት መላኪ ነው። በ1983 ዓ.ም. ግንቦት ቤተ እስራኤልን በአውሮፕላን ባመጣው የሰሎሞን ዘመቻ ስንመጣ አምስት ዓመቴ ነበር። እናቴ ዛሬ ሰባ አምስት ሳይሆናት አይቀርም፤ የተወለደችበትን ዓመት በትክክል የሚያውቅ የለም። ትውልዷ ስሜን ነው። ከሠላሳ ዓመት በላይ ከባሕሩ የግማሽ ሰዓት መንገድ ላይ ስትኖር አንድ ቀን እግሯን ነክራ አታውቅም። አባቴ ካረፈ ወዲህ ደግሞ ኑሮዋ ከቤት ክሊኒክ፣ ከክሊኒክ ቤት ሆኗል። ስኳርም ደም ግፊትም አለባት። ሐኪሟ ትንቀሳቀስ፣ አየር ትቀይር አለኝ።

ባለፈው ነሐሴ፣ አንድ ዓርብ ከሰዓት፣ ባሌንና ልጆቼን ይዤ አሽዶድ ወሰድኳት። ላስደስታት ብዬ የት እንደምንሄድ አልነገርኳትም። ቦታው ሰው በሰው ላይ ነበር፤ ሙዚቃው ጆሮ ይበጥሳል፣ የለበሰ ሰው የለም። እማዬ ነጠላዋን እስከ ዓይኗ ስባ፣ ጀርባዋን ለባሕሩ ሰጥታ፣ የመኪና ማቆሚያውን እያየች ተቀመጠች። ልጄ "አያቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ባሕር ስታይ" ብላ በስልክ ልትቀርጻት ስትል ተቆጣች። አጠገባችን የተቀመጡ ወጣቶች ይስቁ ነበር። በእኛ ይሁን በሌላ ነገር አላውቅም፤ እኔ ግን አፈርኩ። በእናቴ ማፈሬ ደግሞ የባሰ አሳፈረኝ። ስንመለስ መኪና ውስጥ አንድ ነገር ብቻ አለችኝ፤ "ልጄ፣ እነዚያ ሰዎች ቤት የላቸውም?"

እኔ አሁንም ልወስዳት እፈልጋለሁ። ጸጥ ያለ፣ አሸዋ ያለው ቦታ። የት ልሂድ? መቼ? እንዴት ብዬ ላሳምናት? ዋና አልችልም፤ እሱም ያሰጋኛል። ወንድሜ "ያላማራትን ነገር ምን አስጨነቀሽ" ይለኛል። ማክሰኞ ማክሰኞ ከፋብሪካው ዕረፍት ነኝ።

የእናቷ ልጅ፣ ከቅርያት መላኪ

*

የእናቷ ልጅ፣

ከወንድምሽ ልጀምር። ግማሹ ልክ ነው፤ እናትሽ ባሕር ውሰዱኝ አላሉም። "ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት" ይባል የለ? ባለፈው ነሐሴ ያደረግሽው እሱን ነው፤ ከደግነት ስለመጣ ስሙ አይቀየርም። ግማሹ ግን አይደለም። ያላዩት ነገር እንዴት ብሎ ያምራቸዋል? እሳቸው ያዩት ዓርብ ከሰዓትን ነው፤ ድምፅ ማጉያውንና የሰው ጭን ነው። ባሕሩን ገና አላዩትም፤ ጀርባቸውን ሰጥተውት ነበር።

እኔ የባሰ አድርጌ ስለማውቅ አልፈርድብሽም። አክስቴን፣ ነፍሷን ይማርና፣ ኔታንያ ወስጄ "ነይ፣ አትፍሪ" ብዬ እጇን ይዤ ጎተትኳት። ውሃው ቁርጭምጭሚት ላይ ነበር። አንዲት ሞገድ መጣች፤ ለእኔ ሞገድ ተብላ የማትቆጠር ናት። ስትመለስ ግን ከአክስቴ እግር ሥር ያለውን አሸዋ ይዛው ሄደች። አክስቴ በጉልበቷ ወደቀች። ሻሿ ወለቀ፤ ፀጉሯ ሰው ፊት ታየ። ከዚያ በኋላ ሰባት ዓመት ኖራለች፤ እኔ ባሕር የሚል ቃል ባነሳሁ ቁጥር ግን ብድግ ብላ ወጥ ታማስል ነበር። ያልተጣደ ወጥ።

ብዙ ቆይቼ ነው ነገሩ የገባኝ። በአገራችን ውሃ መዝናኛ ሆኖ አያውቅም። ይቀዳበታል፣ ልብስ ይታጠብበታል፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ይነጻበታል። መንደሮቻችን ወንዝ ተጠግተው የሚሠሩት ለዚሁ ነበር። ሴት የወር አበባ ቀኗን በመርገም ጎጆ፣ ለብቻዋ በምትቆይበት ጎጆ፣ ጨርሳ ወደ ቤቷ ከመመለሷ በፊት ወንዝ ትወርዳለች፤ ልብሷን ታጥባለች፣ ገላዋን ትነክራለች። ጎረቤቶቻችን "ውሃ ውሃ ይሸታሉ" ይሉን ነበር፤ ስድብ መስሏቸው። እናትሽ እንግዲህ ውሃ ፈርተው አይምሰልሽ። ከእኔና ከአንቺ ይልቅ ከውሃ ጋር የሚተዋወቁት እሳቸው ናቸው። የሚያውቁት ውሃ ግን ሥርዓት አለው። ሴት ከሴት ጋር ትወርዳለች፤ ወንድ በዚያ አያልፍም፤ ድምፅ ዝቅ ይላል። አንቺ ያሳየሻቸው የዚህን ሁሉ ተቃራኒ ነው። "ቤት የላቸውም?" ያሉት እንግዲህ ቀልድ አይደለም። ሰው ቤቱ የሚያደርገውን፣ ማውለቁን፣ መተኛቱን፣ መብላቱን፣ አደባባይ ምን አስወጣው ማለታቸው ነው። እኔ በበኩሌ እስከ ዛሬ አጥጋቢ መልስ አላገኘሁለትም።

ስለዚህ ባሕሩን እንደ ወንዝ ቁጠሪው። ወደ ወንዝ እንዴት ነበር የሚወረደው? በጠዋት፣ ሴቶች ለብቻ፣ የሚሠራ ነገር ተይዞ። ባልሽን እቤት ተዪው፤ ማንጋሉንም፣ የሥጋ መጥበሻውን፣ አብሮ። ወንዶች ልጆችሽም በሌላ ቀን ይሂዱ። በምትካቸው የእናትሽን እኩያ፣ አብረው ቡና የሚጠጡትን ጎረቤት ጋብዢ። አንዲት አሮጊት ባሕር ዳር እንግዳ ናት፤ ሁለት አሮጊቶች ግን ጨዋታቸውን ይዘው የመጡ ባለቤቶች ናቸው። ይህን ብቻ ከምክሬ ብትወስጂ ይበቃኛል።

ማክሰኞ ዕረፍት መሆንሽ መታደል ነው። ዓርብን እርሺው። ቅዳሜ ሰንበት ነው፤ እናትሽ መኪና አይሳፈሩም ብዬ እገምታለሁ። ከወሩ ደግሞ ልጆች ትምህርት ቤት የገቡበትን፣ በዓላቱ ያለፉበትን ምረጪ። ብዙ ሰው ባሕር ማለት ሐምሌና ነሐሴ ይመስለዋል፤ ለእናትሽ ከሁሉ የከፋው ወቅት እሱ ነው። ሙቀቱ አለ፣ ሕዝቡ አለ፣ ሜዱዛውም፣ ሲነካ የሚያቃጥለው ዝልግልግ የባሕር እንስሳ፣ በበጋው መጀመሪያ መንጋ ሆኖ የሚመጣበት ጊዜ አለው። ሜዱዛው ራሱ እንደ እኛ መጤ ነው፤ የስዊዝ ቦይ እ.ኤ.አ. በ1869 ከተከፈተ ወዲህ በቀይ ባሕር በኩል ሾልከው ከገቡት ፍጥረቶች አንዱ ነው። የዳስ በዓል ሲያልፍ ሕዝቡ ይቀላል። ውሃው ግን በነሐሴ ወደ 29 ዲግሪ የደረሰ ስለሆነ ቶሎ አይቀዘቅዝም፤ በኦክቶበርም ለብ ያለ ነው። የነፍስ አድን ሠራተኞቹ፣ ማጺሎቹ፣ ወቅታቸው በኦክቶበር ውስጥ ያልቃልና ቀኑን ከከተማው ጠይቀሽ አረጋግጪ። በሰሜንም በደቡብም ኑሯችን የሚታወቅ ስለሆነ፣ ከመውጣትሽ በፊት የፒኩድ ሃዖሬፍን፣ ሕዝቡን ከጥቃት የሚያስጠነቅቀውን የጦር ሠራዊት ክፍል፣ መመሪያ ማየቱን አልነግርሽም፤ ታውቂዋለሽ።

ሰዓቱ ጠዋት ይሁን። ይህን የምልሽ ለሙቀቱ ብቻ አይደለም። የእኛ ባሕር በምዕራብ ነው፤ ጠዋት ፀሐይ ከኋላችሁ ናት። እናትሽ ወንበራቸው ላይ ሆነው ባሕሩን ሲያዩ ዓይናቸውን አይወጋቸውም፤ ነጠላ እስከ ቅንድብ መሳብ አያስፈልግም። ከሰዓት ከሄድሽ ፀሐይዋ ፊት ለፊት ትመጣለች፤ ባለፈው ጀርባቸውን ያዞሩት በከፊል በእሷም ሊሆን ይችላል። በዚያ ላይ ከባሕሩ የሚነሳው ነፋስ ጠዋት ገና አልነቃም። ረፋዱ ላይ ነው የሚበረታው፤ ውሃውንም የሚያስነሳው እሱ ነው።

ወደ ቦታው ልምጣ። ይህች አገር በሜዲትራንያን በኩል 190 ኪሎ ሜትር ገደማ ዳርቻ አላት፤ አብዛኛው አሸዋ ነው፤ ጸጥ ያለው ግን ጥቂት ነው። ለአንቺ የሚቀርበው ኒጻኒም ነው፤ በአሽዶድና በአሽቀሎን መካከል። ከጀርባው የአሸዋ ክምር የተጠበቀበት ሰፊ ክልል ስላለ ፎቅ አያጅበውም፤ ቀና ስትዪ የምታዪው ሰማይና አሸዋ ነው። በዚያ አሸዋ መካከል የሾላ ዛፎች አሉ። ዕብራይስጡ ሺክማ ይለዋል፤ እናትሽ ግን አስተርጓሚ አያሻቸውም፤ ግንዱን አይተው ያውቁታል። እኔ የማውቃት አንዲት ጎረቤቴ እዚያ ስትደርስ ባሕሩን ትታ መጀመሪያ የሄደችው ወደ ዛፉ ነው፤ ፍሬውን ከፍታ ዓይታ "ባዶ ነው" አለች። እውነቷን ነው፤ የዚህ አገር ሾላ የራሱ ተርብ ስለሌለው ዘር አይዝም።

ፓልማኪምም ጥሩ ነው፤ ግን ለአንቺ ይርቃል፤ ድንጋዩም ለእናትሽ እግር አይመችም። ከኔታንያ በስተ ሰሜን ያለውን ቤት ያናይን የሚያመሰግኑ አሉ፤ ለማክሰኞ ጠዋት ግን መንገዱ በዛ። አሽዶድም ኔታንያም የሴትና የወንድ ቀን የተለየበት ዳርቻ፣ ሖፍ ኒፍራድ የሚሉት፣ አላቸው። እናትሽን ያስጨነቃቸው የወንዱ ዓይን ከሆነ ይህንንም ልትሞክሪው ትችያለሽ፤ ሴቶቹ ከነቀሚሳቸው ስለሚገቡ ማንም ዞር ብሎ አያያቸውም። ጫጫታው ግን አለ፤ የሃያ ሴት ልጆች ጫጫታ ከድምፅ ማጉያ አያንስም። ቀኑም እንደ ከተማው ይለያያል።

ኒጻኒም ስትደርሱ ከመኪናው እስከ ውሃው ያለውን አስቢ። ደረቅ አሸዋ ለሰባ አምስት ዓመት ጉልበት እንደ ዳገት ነው፤ አንድ እርምጃ ወደ ፊት፣ ግማሽ ወደ ኋላ። ቀድመሽ ብቻሽን ሄደሽ እዪው፤ እንጨት ወይም ምንጣፍ የተነጠፈበት መተላለፊያ የት እንዳለ፣ ሽንት ቤቱ የት እንደሆነ፣ የእግር መታጠቢያው ቧንቧ እንደሚሠራ። ውሃው ጠርዝ ላይ ያለው እርጥብ አሸዋ ግን ጠንካራ ነው፤ ሐኪሙ ያለሽን የእግር ጉዞ እዚያ ላይ ማድረግ ይቻላል።

አሁን ደግሞ ስለ አሸዋው አንድ ነገር ልንገርሽ። ምክር አይደለም፤ ይዘሽው እንድትሄጂ ነው።

"ዓባይ ማደሪያ የለው ግንድ ይዞ ይዞራል" ስንል የኖርነው ስለ ግንዱ ነው። ወንዙ ግን ከግንድ ይልቅ የሚያዞረው አሸዋና ደለል ነው፤ የደለሉም አብዛኛው ከኢትዮጵያ ደጋ፣ በጥቁር ዓባይና በተከዜ በኩል የሚወርድ ነው። የእናትሽ አገር የስሜን ጅረቶች ወደ ተከዜ ይወርዳሉ። ተከዜ ሱዳን ገብቶ ከአትባራ ጋር ይቀላቀላል፤ አትባራ ከካርቱም በስተ ሰሜን ዓባይ ውስጥ ይገባል። ዓባይ ግብፅን አቋርጦ ሜዲትራንያን ሲደርስ የተሸከመውን እዚያው ይዘረግፋል። ጭቃው ወደ ጥልቁ ይሰምጣል። አሸዋውን ግን ሞገድና ዳርቻ ዳርቻውን የሚሄደው የውሃ ጅረት እያንከባለሉ በሲና በኩል፣ በጋዛ አልፈው፣ በአሽቀሎንና በአሽዶድ አድርገው እስከ ሐይፋ ባሕረ ሰላጤ ያደርሱታል። እዚያ ያበቃል። ከአኮ ወደ ሰሜን ብትሄጂ የምታገኚው ሌላ አሸዋ ነው፤ የዛጎል ስባሪ የበዛበት። የእኛው ቢጫ አሸዋ፣ ከኒጻኒም ጀርባ ያለው ክምር ሁሉ፣ ለሺህ ዓመታት በዚህ መንገድ የመጣ ነው።

ቢጫው ቅንጣት ከብዙ አገር ድንጋይ የተለቃቀመ ነውና ሁሉም የስሜን ነው ብዬ አልዋሽሽም። ጥቁሯን ቅንጣት ግን እያት። ማዕበል ካለፈ በኋላ አሸዋው ላይ ጥቁር መስመር የሚታይበት ጊዜ አለ። ከዚያ ውስጥ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ስባሪ አለ፤ እንደ ስሜን ተራራ ካለ ጥቁር ድንጋይ የተፈለፈለ። የአስዋን ግድብ እ.ኤ.አ. በ1970 ካለቀ ወዲህ ዓባይ አዲስ አሸዋ ወደ ባሕሩ አያደርስም ማለት ይቻላል። ዛሬ የምንረግጠው ከዚያ በፊት የደረሰውን ነው።

ይህን አንድ ጊዜ ለሾላዋ ጎረቤቴ ነገርኳት። ጥቂት ዝም አለችና "እንግዲያ አሸዋው ከእኛ ቀድሞ ዓሊያ አድርጓል" አለች፤ ወደ እስራኤል ፈልሷል ማለቷ ነው። ቀጥላ ደግሞ "ለእሱ ግን ወረቀት የጠየቀው የለም" አለች። አዲስ አበባ ዓመት ሙሉ ወረፋ የጠበቀ ሰው ነው እንዲህ የሚለው።

ለእናትሽ ግን እንደ ትምህርት እንዳትሰብኪው። ሰው በሰባ አምስት ዓመቱ፣ በጠዋት፣ ወንበር ላይ አስቀምጠው ካርታ ቢነግሩት ደስ አይለውም። አፍሰው ካዩት፣ "ይህ ከወዴት መጣ?" ካሉ፣ ያን ጊዜ ተከዜን አንሺላቸው። ካልጠየቁም ይቅር።

ዋና አልችልም ያልሽው ጉዳይ ቀልድ የለውም፤ እዚህ ላይ እንደ ተቆጣች አክስት አድምጪኝ። ከማኅበረሰባችን ዋና ሳይማር ያደገው ብዙ ነው፤ በየዓመቱም ከዚህ ባሕር ሬሳ ይወጣል። አብዛኛው ጠባቂ በሌለበት ቦታ ወይም ጠባቂው ከሄደ በኋላ የሚሆን ነው። ጸጥ ያለ ቦታ ስትፈልጊ ጥበቃ የሌለበትን እንዳትመርጪ። ሖፍ ሙኽራዝ፣ ማለትም የታወጀ ዳርቻ መሆኑን ሰሌዳው ላይ አንብቢ፤ የሥራ ሰዓታቸውም እዚያው ተጽፏል። ማማው ላይ ነጭ ባንዲራ ካለ ባሕሩ ረግቷል። ቀይ ከሆነ አደገኛ ነው፤ ጥቁር ከሆነ መግባት ክልክል ነው፤ ለእናንተ ግን ቀይም እንደ ጥቁሩ ክልክል ነው፤ ተቀምጣችሁ እዩት። ማማው ፊት ለፊት ተቀመጡ፤ ድንጋይ የተገደገደበት የማዕበል መከላከያ አጠገብ አትሂዱ፤ ወደ ውስጥ የሚስበው ውሃ እዚያ ይበረታል። ብትሳቢ ከውሃው ጋር አትታገዪ፤ በጀርባሽ ተንሳፍፈሽ እጅሽን አውለብልቢ፤ መዋኘት የሚችል ሰው ደግሞ ወደ ጎን፣ ዳርቻውን ይዞ ይዋኛል እንጂ በቀጥታ ወደ ባሕሩ ዳር አይታገልም። ለአንቺ ድንበሩ ጉልበት ነው። ለእናትሽ ቁርጭምጭሚት። የሚሰጥም ሰው እንደ ፊልሙ አይጮኽምና ልጅሽ ከመጣች እጅሽ በሚደርስበት ርቀት ትሁን። የአምቡላንስ ቁጥሩ 101 ነው።

ሜዱዛ ቢነካችሁ በባሕሩ ውሃ እጠቡት፤ በቧንቧ ውሃ አይደለም፤ በአሸዋም አትሹት። ሲብስ ሐኪም።

የእናትሽ ስኳር ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ እግራቸው ላይ ነው። ስኳር የቆየበት እግር ይደነዝዛል፤ የጋለ አሸዋ ሲያቃጥለው፣ የተሰበረ ዛጎል ሲቆርጠው ባለቤቱ አይሰማውም። ባዶ እግር ፈጽሞ አይሆንም። የባሕር ጫማ ተብሎ በውድ የሚሸጠውን መግዛት የለብሽም፤ በአገር ቤት ኮንጎ የምንለው ዓይነት የፕላስቲክ ጫማ፣ ጣት የሚሸፍነው፣ ከነእሱ ውሃ ውስጥ ይገባል። እሳቸውም ያውቁታል፤ ወንዝ በዚያ ተሻግረዋል። መድኃኒታቸውን በሰዓቱ ይውሰዱ፤ ቁርስ ሳይበሉ እንዳይወጡ፤ አንድ ጣፋጭ ነገር ቦርሳሽ ውስጥ ይኑር። ጃንጥላ፣ የጀርባ መደገፊያ ያለው ከፍ ያለ ወንበር፣ ብዙ ውሃ። ዝቅ ያለውን የባሕር ወንበር አታምጪ፤ ከተቀመጡበት ለማንሳት ሦስት ሰው ይፈልጋል።

ቡናውን እቤት አፍልተሽ በፔርሙስ ያዢ። ጀበናና ከሰል እዚያ ቢሆን ምን ያምር ነበር፤ በተጠበቀው ክልል ውስጥ ግን እሳት ማንደድ ክልክል ነው፤ በነፋስ ላይ ከሰል ማራገብም ሌላ ጣጣ ነው። ዳቦ ይኑር፣ ቆሎ ይኑር። ሥራ ተይዞ ይወረድ ያልኩሽን አስታወስሽ? ባዶ እጅ መቀመጥ እናቶቻችንን ያሳምማቸዋል። የሚለቀም ምስር፣ የሚፈተል ጥጥ፣ የጀመሩት ስፌት ካለ ይዘው ይምጡ። እጃቸው ሥራ ሲይዝ ዓይናቸው ባሕሩን ያያል።

የማፈርሽን ነገር ዘለልኩት እንዳትዪ። ስለ ራስሽ የጻፍሽው ብቸኛ መስመር እሱ ነው፤ ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ ያስነበበኝም እሱ ነው። ወጣቶቹ በምን እንደሳቁ አታውቂም፤ እኔም አላውቅም። ምናልባት በእናንተ ነው። ይህ አገር ነጠላ ለብሳ የምትሄድ ሴት ላይ ሲስቅ አይቻለሁ፤ የለም ብዬ አላጽናናሽም። ግን እንዲህ ብለሽ ራስሽን ጠይቂ፦ ያን ቀን እማዬ ነጠላዋን አውልቃ፣ ኮፍያ አድርጋ፣ እንደ ሰው ሁሉ ብትሆን ኖሮ ደስ ይለኝ ነበር ወይ? መልሱ አዎ ከሆነ አትደንግጪ። አምስት ዓመትሽ ላይ ከአውሮፕላን ወርደሽ፣ እዚህ ተምረሽ፣ ከዓይን ለመጥፋት ስትለማመጂ ነው ያደግሽው፤ ሁላችንም። እናትሽ ግን ያንን አልተለማመዱም፤ አሁንም አይጀምሩም። ማክሰኞ ጠዋት አንቺም ነጠላ ያዢ። ለእሳቸው ብለሽ አይደለም፤ የጠዋት አየር ይበርዳል።

ስልኩ ቦርሳ ውስጥ ይቀመጥ፤ ለ101 ብቻ ይውጣ። ልጅሽ ባትፈልግ እንኳ የዚያ ቪዲዮ መጨረሻው መንደሩ ሁሉ ስልክ ላይ መዞር ነበር፤ እናትሽ ይህን ቀድመው አውቀው ነው የተቆጡት። ሰው ባሕርን መጀመሪያ ሲያይ ፊቱ ላይ የሚሆነውን ማየት የአንቺ ድርሻ ነው፤ የሌላው አይደለም።

አጠያየቁስ? በመጀመሪያ ያለፈውን ይቅርታ ጠይቂበት። "ሳልነግርሽ ወስጄሽ አጥፍቻለሁ" በዪ፤ አጭር ይበቃል። ከዚያ ጥቂት ቀን አሳልፊ። ቀጥሎ ቡና ላይ፣ ጎረቤቲቱ ባለችበት፣ "ማክሰኞ በጠዋት ሴቶች ብቻ ሆነን ውሃ ዳር ቡና እንጠጣ ወይ?" በዪ። መቼ እንደምትሄዱ፣ መቼ እንደምትመለሱ፣ ማን እንደሚኖር፣ ውሃ ውስጥ መግባት እንደሌለባቸው በግልጽ ንገሪያቸው። እንቢ ካሉ አትለማመጪ። ከወር በኋላ አንድ ጊዜ ድገሚ። ሁለተኛም እንቢ ካሉ ወንድምሽ ረቷል፤ የእግር ጉዞው በሠፈሩ መናፈሻ ይሁን፤ ባሕሩን አንቺ ለራስሽ ሂጂበት፤ ዋናም ተማሪ፤ ለትልልቅ ሰው የሚያስተምሩ ገንዳዎች አሉ፣ ለሴቶች ብቻ የተለየ ሰዓት ያላቸውም አሉ።

እሺ ካሉ ግን፣ እዚያ ከደረሳችሁ በኋላ ዝም በዪ። "እዪው እንዴት እንደሚያምር" አትበዪ። እጃቸውን አትያዢ፤ እጅሽን ሊይዙት በሚችሉበት ርቀት ላይ ግን ሁኚ። ምናልባት አንድ ሰዓት ስፌታቸውን ሰፍተው ይነሱ ይሆናል። ምናልባት ጎረቤቲቱ ቀድማ ትገባና ይከተሏት ይሆናል። ከገቡ ሞገዱ ሲመለስ አሸዋው ከሥር እንደሚሸሽ አስቀድመሽ ንገሪያቸው፤ እግራቸውን ሰፋ አድርገው፣ ወደ ባሕሩ ጎናቸውን ሰጥተው ይቁሙ። ውሃው ጨው እንደሆነም ንገሪያቸው፤ ከወንዝ ውሃ የለመደ እጅ አፍሶ ፊቱን ሊታጠብ ይችላልና። በሊትር 39 ግራም ገደማ ጨው አለበት፤ ዓይን ያቃጥላል።

ስትመለሱ መኪና ውስጥ "ወደድሽው?" ብለሽ አትጠይቂ።

ከመሳፈራችሁ በፊት ግን ቧንቧው ጋ አስቀምጫቸውና ጫማቸውን አውልቂ። አሸዋውን በንጹሕ ውሃ አጥቢ፣ የጣቶቻቸውን መሃል አንድ በአንድ በፎጣ አድርቂ፤ ለስኳር በሽተኛ እርጥብ የቀረ እግር አደጋ ነው። የተቆረጠ ነገር መኖሩን ተረከዙንም ውስጥ እግሩንም አገላብጠሽ እዪ። "ተዪው፣ እኔ አጥበዋለሁ" ይሉሻል። አትተዪው።